«ከነኤግዚቢቱ ተያዘ»፤ ከዚያስ?

እስቲ አንድ ዓረፍተ ነገር ልስጣችሁና የት እንደሰማችሁት አስታውሱ። «ተጠርጣሪው ከነኤግዚቢቱ እጅ ከፍንጅ ተይዞ ምርመራ እየተጣራበት ይገኛል።» አስታወሳችሁት አይደል? ሬዲዮው ይለዋል፣ ጋዜጣው ይጽፈዋል፣ የቴሌግራም ቻናሉ ከፎቶ ጋር ይለጥፈዋል። በኛም ዲፓርትመንት የወንጀል ዜና ጽፋችሁ አምጡ ስንባል ብዙዎቻችን የምንዘጋው በዚችው ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ አራት ነጥብ።

የዛሬው ጽሑፌ የሚጀምረው ከዚያ አራት ነጥብ በኋላ ነው። ያ «ኤግዚቢት» የተባለው ዕቃ የት ሄደ? ማን ተረከበው? ምን ላይ ፈረመ? ዳኛው «ይቅረብልኝ» ሲሉ እንደተያዘ ሆኖ ይቀርባል ወይ? ባለንብረቱስ መቼ ነው እጁ የሚገባው? እነዚህን ጥያቄዎች እንዲመልስ የተመደበ ሠራተኛ አለ። የኤግዚቢት ክፍል ሠራተኛ ይባላል፣ ኤግዚቢት ያዥም ይሉታል። ሌባ ሲያባርር አናየውም፣ መግለጫ ሲሰጥም አንሰማውም። በኔ እምነት ግን የአንድ የወንጀል መዝገብ ዕድል ከመርማሪው እኩል በዚህ ሰው እጅ ላይ ነው። ይሄን ሥራ እንደ ተራ መጋዘን ጥበቃ ማየታችንን ካላቆምን ፍትሑም ንብረቱም እየተንጠባጠበ ያልቃል።

ፒያሳ በአንድ ምሽት

ሩቅ ሳንሄድ የምናውቃትን ፒያሳን እንውሰድ። የሐዋሳ ፒያሳ ሞባይል ቤቱ ከቡቲኩ፣ ቡቲኩ ከካፌው፣ እግረኛው ከባጃጁ ትከሻ ለትከሻ የሚተሻሹባት ቦታ ናት። አንድ ቅዳሜ ምሽት እንበል። (እንበል ነው ያልኩት፣ ዜና አይደለም!) ስልክ ይነጠቃል፣ ነጣቂው ይያዛል። ሁለት ጎረምሶች ይጣሉና አንዱ በሴንጢ ይወጋል፤ ደም የነካው ሸሚዝ ይገኛል። ባጃጅ ሰው ይገጫል። አንድ ባለሱቅ ሐሰተኛ ባለ 200 ብር ኖት ይደርሰዋል። ከዳር አካባቢ ተሰርቃ ለገበያ የመጣች በግም ልትኖር ትችላለች። ጠዋት ላይ ይሄ ሁሉ ጉድ አንድ ክፍል ደጃፍ ይሰለፋል።

አሁን የዚያን ክፍል ሠራተኛ ቦታ ላይ ቁሙ። ስልኩ እንደበራ ከኔትወርክ ጋር ከቆየ ሰውየው ከሩቅ ሆኖ ውስጡን ሊያጠፋው ይችላል፤ ስለዚህ ከኔትወርክ መለየት አለበት። ደም ያለበት ሸሚዝ ፌስታል ውስጥ ታስሮ ከተቀመጠ እርጥበቱ ይታመቅና ይሻግታል፤ የዲኤንኤ ምርመራውም ይበላሻል። መጀመሪያ አየር ባለበት መድረቅ፣ ከዚያ ወረቀት ከረጢት ውስጥ መግባት ነው ያለበት። ሐይቅ ዳር ባለች ከተማ ደግሞ እርጥበት ቀልድ አይደለም። ሴንጢው አሻራው እንዳይጠፋ፣ ሠራተኛውንም እንዳይወጋ ካርቶን ላይ ይታሰራል። የሐሰተኛው ኖት ቁጥር ይመዘገባል። እውነተኛ ገንዘብ ሲሆን ሁለት ሰው ቆጥሮ ሁለቱም ይፈርማሉ። ሽጉጥ ቢሆን ጥይቱ ወጥቶ፣ ቁጥሩ ተነቦ ነው። አደንዛዥ ዕፅ ሲገባም ሲወጣም ይመዘናል።

ባጃጁስ? የሻንሲ ቁጥሩ፣ የሞተር ቁጥሩ፣ ጎማው፣ ባትሪው፣ ቴፑ ሳይቀር ተቆጥሮ ይጻፋል። አለበለዚያ በሦስት እግሩ የገባው በሁለት እግሩ ይወጣል! በጓንማ ማን ይቀልባታል? ከየትኛው በጀት? ብትሞት ማስረጃውም ንብረቱም አብሮ ሞተ። ብትወልድስ፣ ግልገሉ ኤግዚቢት ነው ወይ? መሳቁን ሳቁ፣ ግን ጥያቄው መልስ የሚፈልግ ጥያቄ ነው። ዕቃው በዓይነቱ የተለያየ በመሆኑ አንድ ቁልፍና አንድ መደርደሪያ ብቻ አይበቃውም፤ ዕውቀት ይፈልጋል።

በሁሉም ላይ ግን አንድ ደንብ ይሠራል። ዕቃው እጅ በቀየረ ቁጥር ፊርማ አለ። ከያዘው ፖሊስ ወደ ኤግዚቢት ክፍል፣ ከክፍሉ ወደ ፎረንሲክ ምርመራ፣ ተመልሶ ወደ ክፍሉ፣ ከዚያ ወደ ፍርድ ቤት። ቀን፣ ሰዓት፣ ስም፣ ፊርማ። የዚህ የርክክብ ሰንሰለት አንድ ቀለበት ከጎደለ ጠበቃው ብድግ ብሎ «ይህ ሴንጢ ያን ዕለት የተያዘው ሴንጢ ስለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለ?» ቢል የሚመልስለት ይጠፋል።

አንዳንድ ሰው «ታዲያ ይሄ የንብረት ክፍል ሥራ አይደል እንዴ? በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ፣ አለቀ!» ይላል። በከፊል ልክ ነው። ነገር ግን የመሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል የሚይዘው የመንግሥትን ወንበርና ወረቀት ነው። ወንበር ቢሰበር ሌላ ወንበር ይገዛል። ኤግዚቢት ግን የሰው ነው፤ ያውም የማን እንደሆነ ገና ያልተወሰነለት ሰው። ከጠፋ በሌላ አይተካም። በዚያ ላይ ዕቃው ራሱ ይናገራል። ንጹሕ ሰው እንዲፈታ ወይም ጥፋተኛ እንዲቀጣ የሚያደርገው ቃል ያለው እዚያ ዕቃ ላይ ነው።

ሕጉማ ዱሮም ብሏል

ይሄ አዲስ የፈረንጅ ነገር እንዳይመስላችሁ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ብርበራ ሲደረግ የተያዘው ዕቃ በዝርዝር እንዲጻፍና ገለልተኛ የሆነ ሰው ዝርዝሩን አይቶ እንዲፈርምበት ያዛል። ፍርድ ቤት በተለየ ካላዘዘ ብርበራው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ እንዲሆንም ይላል። ሕጉ ያኔ፣ ሐዋሳ ገና ስትቆረቆር፣ ዝርዝሩን የያዘው ሰው ብቻውን እንዳይጽፈው አስቦበታል ማለት ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 26 ማንም ሰው በግል ይዞታው ያለ ንብረት ከመያዝ የመጠበቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 40 የንብረት መብትን፣ አንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው የቀረበበትን ማስረጃ የመመልከት መብትን ይሰጣል። እነዚህ ሦስት አንቀጾች ወረቀት ላይ ሲነበቡ ያምራሉ። መሬት ላይ የሚገናኙት ግን የት ይመስላችኋል? ያቺው የኤግዚቢት ክፍል ውስጥ ነው። የተያዘው ስልክ የአንድ ሰው የግል ሕይወት ነው፤ የአንድ ሰው ንብረት ነው፤ የሌላው ሰው መከላከያ ወይም መከሰሻ ነው። ሦስቱን መብት የያዘው ሰው ቁልፉን የያዘው ሰው ነው።

ከምስክር አፍ ወደ ዕቃ

ታዲያ ለምንድን ነው ሥራው እንዲህ የተናቀው? እኔ አንድ ግምት አለኝ። አገራችን የሙግት አገር ናት። በሙግታችን ውስጥ ግን ለብዙ ዘመን ማስረጃ ማለት ሰው ነበር፣ ዕቃ አልነበረም። ወንጀል ሲፈጸም አገሬው በአፈርሳታ ተሰብስቦ አውጣ ይባላል። ምስክር ይቆጠራል፣ ይማላል፣ ይገዘታል። ሌባ ሲጠፋ ደግሞ ሌባሻይ ነበር፤ ለልጅ የሚያሰክር ነገር አጠጥተው ይመሩትና የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። ዕቃውን ጠብቆ፣ መርምሮ፣ ዕቃውን ማናገር ገና ያልለመድነው ነገር ነው። ዛሬም ቢሆን «ስንት ምስክር አለው?» እንላለን እንጂ «ዕቃው እንዴት ተቀምጧል?» አንልም።

ግን ባህላችን ለዚህ ሥራ የሚሆን ቃል አጥቶ አይደለም። አለ እንጂ፤ አደራ! «አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ» እያልን ነው ያደግነው። ሌባ ከመባል አደራ በላ መባል የሚከብድባቸው ስንት አዛውንቶች አሉ! ሌባ ያላመንከውን ነው የወሰደብህ፤ አደራ በላ ግን ያመንከው ነው። የኤግዚቢት ክፍል ሥራ በመንግሥት ማኅተም የተያዘ አደራ ነው። በኔ አመለካከት ሥልጠናው ከዚህ ቃል ቢጀምር ከየትኛውም ማኑዋል ይሻላል።

አይጥ በላው!

የዓለምን ልምድ ስናይ ደግሞ የሚያስቅም የሚያስለቅስም ነገር እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ2018 በአርጀንቲና፣ ፒላር በተባለች ከተማ ከፖሊስ መጋዘን 540 ኪሎ ግራም ካናቢስ ጠፋ። ፖሊሶቹ ሲጠየቁ «አይጥ በላው» አሉ። ባለሙያዎች ደግሞ አይጥ ካናቢስን እንደ ምግብ አያየውም፣ ያን ያህል ቢበላማ ኖሮ የአይጥ ሬሳ በተገኘ ነበር አሉ። ስምንት ፖሊሶች ከሥራ ተባረሩ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በሕንድ ማቱራ ፖሊስ ከ500 ኪሎ ግራም በላይ ካናቢስ አይጥ በልቶብናል ብሎ ለፍርድ ቤት አስረዳ። በ2024 የአሜሪካዋ ኒው ኦርሊንስ ፖሊስ አዛዥም አይጦች የኤግዚቢት ክፍላቸውን ካናቢስ እየበሉ መሆኑን ለከተማው ምክር ቤት አባላት ተናግረዋል። የበላው ማንም ይሁን ማን፣ ካናቢስ ከሻሸመኔ በኩል እየተጫነ ሲመጣ ተያዘ የሚል ዜና ለምንሰማ ለኛ «ስንት ኪሎ ገባ፣ ስንት ኪሎ ተቃጠለ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

የሚያስለቅሰው ግን ይሄ ነው። ከርክ ብለድስዎርዝ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1985 በሜሪላንድ አንዲት ሕፃን ደፍረህ ገድለሃል ተብሎ ሞት ተፈረደበት። በኋላ በይግባኝ እንደገና ተከሶ ዕድሜ ልክ ሆነበት። አልገደልኩም እያለ ሲጮህ ቆየና የዲኤንኤ ምርመራ መኖሩን በመጽሐፍ አንብቦ አስመርምሩልኝ አለ። የሟቿ ልብስ ግን ጠፍቷል ተብሎ ነበር። ሲፈለግ፣ ሲፈለግ ዳኛው ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ተገኘ። ተመረመረ፤ የሱ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1993፣ ወደ 9 ዓመት ገደማ ከታሰረ በኋላ ተፈታ። በአሜሪካ ሞት ተፈርዶበት በዲኤንኤ ነጻ የወጣ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ2003፣ ያው ማስረጃ እውነተኛውን ወንጀለኛ አስያዘ።

ልብ በሉ! ያን ሰው ያዳነው አሠራር አይደለም። ዕድል ነው። አንድ ጽዳት ሠራተኛ ቢሮውን ሲያጸዳ ያን ከረጢት ጥሎት ቢሆን ኖሮ ብለድስዎርዝ እስር ቤት ባረጀ፣ እውነተኛው ገዳይም ሳይታወቅ በቀረ ነበር። የኤግዚቢት ሠራተኛ ሥራ የሰውን ሕይወት ከዕድል ማውጣት ነው።

በተቃራኒው የኦ.ጄ. ሲምፕሰንን ክስ አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1994 መርማሪው ከተጠርጣሪው የተቀዳውን የደም ናሙና ወዲያው ከማስመዝገብ ይልቅ ይዞት ወደ ሲምፕሰን ቤት ሄደ። ጠበቆቹ ይቺን ቀዳዳ አልለቀቋትም። «መጠኑ ጎድሏል፣ ደሙ ተረጭቶ ይሆናል» እያሉ ጥርጣሬ ዘሩ። በ1995 ሰውየው በነጻ ተሰናበተ። ያ ደም በርግጥ ተነክቶ ነበር ወይ? ለዚህ ጽሑፍ ግድ የለም። መዝገቡ ጥርት ያለ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ራሱ ባልተነሳ ነበር።

የላፕቶፑ ነገር

ወደ ቤታችን እንመለስ። አንዲት የክፍል ጓደኛዬ ከተከራየችበት ቤት ላፕቶፗ ተሰረቀ። እግዚአብሔር ይስጣቸውና ፖሊሶች በሳምንቱ ሌባውን ከነላፕቶፑ ያዙት። ደስታችን ልክ አልነበረውም፤ ቡና አፈላን። ደስታው ግን ቡናው ሳይበርድ አለቀ። ላፕቶፑ ኤግዚቢት ነው፣ መዝገቡ እስኪዘጋ አይወጣም ተባለች። ቀጠሮ በቀጠሮ ሲሄድ ሴሚስተሩ አለቀ። አሳይመንቷን በሰው ኮምፒውተር፣ በለሊት፣ እየለመነች ሠራች። ኋላ ሲመለስላት ደግሞ ቻርጀሩ የለም። «ቻርጀር አብሮ ገብቶ ነበር ወይ?» ብላ ብትጠይቅ መዝገቡ ላይ የተጻፈው «ላፕቶፕ 1» ብቻ ነው። ሌባው የሰረቃት አንድ ሳምንት ነው፤ ቀሪውን ሴሚስተር ማን ወሰደባት?

የጣቢያውን ስም የማልጠራው ጥፋቱ የአንድ ጣቢያ ነው ብዬ ስለማላምን ነው። ቻርጀሩ የጠፋው ምናልባት ማንም ሳይሰርቀው ነው። ያልተጻፈ ዕቃ ጠባቂ የለውምና! ከሁሉ የባሰው ግን ምን መጠየቅ እንደምትችል የነገራት ሰው አለመኖሩ ነው። ፎቶ ተነስቶ፣ መለያ ቁጥሩ ተመዝግቦ፣ በተፈለገ ጊዜ አቀርባለሁ ብላ ግዴታ ፈርማ እንድትወስደው ማመልከት እንደምትችል ማን ይንገራት? ለላፕቶፕ ይሄ ከሆነ በቀን ገቢው ቤተሰብ የሚያስተዳድር የባጃጅ ሹፌርስ? ባጃጁ ግቢ ውስጥ ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቀበት ሲቆም የሚበላሸው ጎማው ብቻ አይደለም፣ የልጆቹ እራትም ነው።

«ግን እኮ…»

እዚህ ላይ ተከራካሪ አይጠፋም። አንደኛው «ፖሊስ ለደንብ ልብስና ለነዳጅ እየተቸገረ የወረቀት ከረጢት ትላለህ እንዴ?» ይለኛል። እውነት ነው፣ ማቀዝቀዣና ካሜራ ገንዘብ ይፈልጋል። ነገር ግን «ላፕቶፕ 1» ከማለት ይልቅ ዓይነቱን፣ ቀለሙን፣ ቁጥሩን፣ ከነቻርጀሩ መጻፍ የሚፈልገው እስክሪብቶ ነው። እስክሪብቶው ደግሞ አለ።

ሁለተኛው «ዕቃው ቶሎ ከተመለሰ ይግባኝ ሲባል ማስረጃ ይጠፋል» ይላል። ይሄኛው ከባድ ክርክር ነው፤ የብለድስዎርዝ ታሪክም የሚደግፈው እሱን ነው። ስለዚህ መለየት ያስፈልጋል። ደም ያለበት ልብስ፣ መሣሪያ፣ አሻራ ያለበት ዕቃ ይቆይ፤ ዓመታትም ቢሆን ይቆይ። ላፕቶፕ፣ ባጃጅ፣ በግ ግን በፎቶና በግዴታ ሊወጣ ይችላል። የቱ ይቆይ፣ የቱ ይውጣ ብሎ ለዐቃቤ ሕግና ለፍርድ ቤት በዕውቀት ሐሳብ የሚያቀርብ ሰው ነው ባለሙያ የሚባለው። በአሜሪካ ለዚህ ሥራ የቆመ የሙያ ማኅበር አለ፤ ያሠለጥናል፣ የሙያ ማረጋገጫም ይሰጣል። ብዙ ቦታ ደግሞ ሠራተኞቹ መለዮ የለበሱ ፖሊሶች ሳይሆኑ ሲቪሎች ናቸው። እኛስ ሂሳብ፣ ሕግ፣ ኬሚስትሪ ተምረው ሥራ የሚፈልጉ ስንት ተመራቂዎች አሉን!

ሦስተኛ ጉዳይ ልጨምር። ሐዋሳ የለውጥ ከተማ ናት። በ2012 ዓ.ም. የሲዳማ ክልል ተመሠረተ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ የቀድሞው ደቡብ ክልል ተከፍሎ አዳዲስ ክልሎች ሆኑ፤ መሥሪያ ቤቶችም ከዚች ከተማ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ። ቢሮ ሲቀየር ጠረጴዛ ይቆጠራል፣ መኪና ይቆጠራል። ኤግዚቢትስ ከነመዝገቡ ተቆጥሮ ተረካከበ ወይ? ጠፍቷል እያልኩ አይደለም። ጋዜጠኛ ሆኖ የጠየቀ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ምን ይደረግ?

በኔ አስተያየት አራት ነገር ቢደረግ። አንደኛ፣ መርማሪውና ኤግዚቢት ያዡ አንድ ሰው አይሁኑ። የመረመረ ሰው መሥክሮ፣ ዕቃውንም ጠብቆ እንዴት ይሆናል? ሁለተኛ፣ ክፍሉን በየጊዜው ከውጭ የመጣ ሰው ሳይነገር ይቁጠረው። ይሄ ሠራተኛውን መጠርጠር አይደለም፣ ሠራተኛውን ከሐሜት ማዳን ነው። ሦስተኛ፣ ንብረት የተያዘበትም የተሰረቀበትም ሰው የተጻፈውን ዝርዝር ቅጂ በእጁ ይያዝ፤ ምን መጠየቅ እንደሚችልም በአማርኛም በሲዳምኛም ግድግዳ ላይ ይለጠፍለት። አራተኛ፣ ቦታው የቅጣት ምደባ መሆኑ ይቅር። ሰው «ኤግዚቢት ክፍል ተመደብኩ» ሲል ከንፈር የምንመጥለት ሳይሆን እንኳን ደስ ያለህ የምንለው ይሁን።

አምስተኛው የኛ የቤት ሥራ ነው። ነገ ማይክሮፎን ስንይዝ «በቁጥጥር ስር ዋለ» ሲባል ሦስት ጥያቄ እንጨምር። ዕቃው በዝርዝር ተመዝግቧል? አሁን በማን እጅ ነው? ባለቤቱ መቼ ያገኘዋል? ሦስት ጥያቄ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ከዚያ መዝገቡ ሲዘጋ ተመልሰን እንጠይቅ። ኮማንደሩ ቅር ሊላቸው ይችላል፣ አዘጋጁም «ዜናው አርጅቷል» ሊለን ይችላል። ባለባጃጁ ግን ዜናው አላረጀበትም።

የተከበራችሁ መምህሮቻችንም አንድ ነገር ልለምናችሁ። በፍርድ ቤት ዘገባ ኮርስ ላይ ችሎት ልትወስዱን ስታስቡ በዚያው ቀን አንድ የኤግዚቢት ክፍልም አስፈቅዳችሁ አሳዩን። መደርደሪያውን እንይ፣ መዝገቡን እንይ፣ በየቀኑ የማያውቀውን ሰው አደራ ተሸክሞ የሚውለውን ሠራተኛም አንድ ጊዜ «እንደምን ዋሉ?» እንበለው።

ቸር እንሰንብት!